ይቅርታ የተከለከለው መሃንዲስ

ኢንጂነር ባድሩል ሂሻም የተወለደው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። እናቱ በሕይወት ሳሉ «ይኼ ልጅ ያኔ ስላስጠበቀኝ ይኸው እስከ ዛሬ ይቅርታ ይጠይቃል» ይሉ ነበር፤ ውሸትም የለበትም። ወንበር ሲያደናቅፈው ወንበሩን ይቅርታ ይላል። ሰው እግሩን ሲረግጠው «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ እግሬን ያለ ቦታው ያስቀመጥኩት» ይላል። አንድ ቀን ከገበያ የገዛው ዓሣ ሸቶ ቢያገኘው ሊመልስ ሄደና፣ የዓሣ ሻጯ ፊት ሲጠቁር ሲያይ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ገዝቶ ተመለሰ። ሚስቱ ሱሪያኒ ሁሉንም ለድመት ሰጥታ እሱን ጦሙን አሳደረችው። እሱም ይቅርታ ጠየቃት።

ታዲያ ሞኝ እንዳይመስላችሁ። በሙያው ቀልድ አያውቅም። ቢሮው ታይፒንግ በምትባለው ከተማችን ውስጥ፣ ከፍራሽ መሸጫው በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። የኛ ከተማ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማቆም የሚሉትን ነገር ስለማያውቅ፣ ከኮረብታው ሥር ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጓሮው ላይ የድጋፍ ግንብ ያስፈልገዋል፤ ግንብ ያስፈለገው ሁሉ ደግሞ ባድሩል ጋ ይመጣል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እሱ ፕላን ካወጣላቸው ግንቦች አንድም ዘመም ያለ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ፕላን ባስረከበ ቁጥር «ይቅርታ፣ አስጠበቅኳችሁ» ይላል፣ በቀኑ ያስረከበውን።

እንደ ማንኛውም መሃንዲስ የሙያ ኢንሹራንስ ነበረው። ይኼ ኢንሹራንስ ለመኪና ወይም ለቤት አይደለም፤ መሃንዲሱ ሲሳሳትና በስህተቱ ሌላ ሰው ሲጎዳ፣ ለተጎዳው ሰው የሚከፍል ነው። ውሉን በየዓመቱ የምታሳድስለት የኢንሹራንስ ደላላዋ ማዳም ኦንግ ናት። ማዳም ኦንግ ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ረጅም፣ ከቦርሳዋ ቀይ እስክሪብቶ የማይጠፋ ሴት ናት። «የምትከፍለው ለጭንቅላትህ ነው» ትለዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ለጭንቅላቱ ከፈለ፤ ጭንቅላቱም አላሳፈረውም ነበር፣ እስከዚያ ረመዳን ድረስ።

ኢድ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ፋታ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቺጉ ራፊያ ጓሮ ግንብ ወደ ፊት ተንጋደደ፤ ከኋላው የነበረውን ኮረብታ ይዞ መጣና ወጥ ቤታቸው ላይ ተኛበት። አልሃምዱሊላህ፣ እሳቸው መስጊድ የማፍጠሪያ ገንፎ ሊቀበሉ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ምድጃው፣ ድስቱ፣ መደርደሪያው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ነው። ገንፎውን እንደያዙ ቆመው አዩና «በምን ማንኪያ ልበላው ነው?» አሉ አሉ።

ቺጉ ማለት በኛ አገር መምህር ነው። ቺጉ ራፊያ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አላገቡም፣ አልወለዱም፣ የከተማውን ግማሽ ግን ሒሳብ አስተምረዋል። ባድሩልንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መልሱ ልክ ቢሆንም አሠራሩን ያላሳየ ተማሪ ዜሮ ነው የሚሰጡት። «መልሱን ማንም ይሰርቃል፤ መንገዱን አሳየኝ» ይላሉ። ባድሩል መሃንዲስ የሆነው በሳቸው ምክንያት ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ያንን ግንብ ሲነድፍላቸውም ግማሽ ዋጋ ብቻ ተቀብሎ፣ ግማሹን ስለተቀበለ ይቅርታ ጠይቋል።

ወሬውን እንደሰማ ጫማውን እንኳን በቅጡ ሳያስር ደረጃውን ወረደ። ዓይኑ እንባ፣ አፉ ይቅርታ ሞልቶታል። ደረጃው መሃል ላይ ማዳም ኦንግ እያለከለከች ስትወጣ ተገጣጠሙ።

«የት ነው?»

«ቺጉ ጋ። ይቅርታ ልጠይቃቸው።»

«ተመለስ!»

«ማዳም፣ ወጥ ቤታቸው እኮ…»

«ተመለስ አልኩህ! ሃያ ሁለት ዓመት የከፈልከውን በአንድ ቃል ልታቃጥለው ነው?»

እየገፋች አስገባችው። ውሉን ከመሳቢያ አስወጥታ ገጽ ዘጠኝን ገለጠችና በቀይ አሰመረችበት። መድን የገባው ሰው፣ ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድለት፣ ለተጎዳው ወገን ጥፋቱን አያምንም፣ ቃል አይገባም፣ አይደራደርም ይላል።

«ይኼ በሰው ቋንቋ ምን ማለት ነው?» አላት።

«በሰው ቋንቋ አፍህን ዝጋ ማለት ነው። አጥፍቻለሁ ካልክ ኩባንያው 'ራሱ አመነ፣ ራሱ ይክፈል' ብሎ ዞር ይላል። አንተ ምን አለህ? ይኼ ቢሮ፣ አንድ ቤት፣ ያቺ የምታስል መኪና። ሁሉም ተሽጦ ለግንቡ እንኳ አይበቃም። አንተ ሜዳ ላይ ትቀራለህ፣ አሮጊቷም ያለ ወጥ ቤት ይቀራሉ። ይቅርታህ ሩዝ ያበስልላቸዋል?»

ባድሩል ቁጭ አለ። ይኼን አላሰበውም ነበር። ቺጉ ወጥ ቤታቸውን መልሰው የሚያገኙት እሱ ዝም ካለ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በሕይወቱ የማያውቀው ነገር ቢኖር ዝምታ ነው።

«እስከ መቼ?» አለ።

«የኩባንያው መርማሪ ከኢድ በኋላ ነው የሚመጣው። እሱ አይቶ፣ ኩባንያው ወስኖ፣ ፋይሉ እስኪዘጋ።»

«ኢድን ጨምሮ?»

«ኢድን ጨምሮ።»

«ማዳም! በኢድ ያለ አፉ በሉኝ ምን ኢድ አለ? ትንሹ ትልቁን፣ ሚስት ባሏን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ በታየውም ባልታየውም ለበደልኩት አፉ በሉኝ የማይል ማን አለ?»

«አንተ አለህ» አለች ማዳም ኦንግ። «ለማንም! ለሚስትህም ለወንበሩም! አንተን አውቅሃለሁ፤ ቧንቧህ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ሲያናግርህ አንዲት ነገር ብቻ በል፦ ያሉትን መዝግበናል። በል እስቲ።»

«ይቅርታ፣ ያሉትን…»

«ይቅርታ የለም!»

«ይቅር… ያሉትን መዝግበናል።»

ሃምሳ ጊዜ አስባለችው።

በማግስቱ ፎቶ ለማንሳት ቺጉ ራፊያ ግቢ ሄደ፤ ፎቶ ይፈቀዳል። ቺጉ ጃንጥላ ይዘው ፍርስራሹ አጠገብ ቆመዋል፤ አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ ኢድሩስ ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ኢድሩስ ዋና ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ጠበቃ አይደለም፤ ከጠበቆች ጋር ምሳ ስለሚበላ ግን ከጠበቃ የባሰ ነው። ባድሩል አጥፍቻለሁ ሲል በስልኩ ከቀዳው ወጥ ቤት ብቻ ሳይሆን ሌላ ቤት የሚያሠራ ካሳ የሚያገኝ መስሎታል። ያቺ ቃል ከወጣች ኩባንያው እንደሚሸሽና ከባድሩል ኪስ ደግሞ አቧራ ብቻ እንደሚወጣ የነገረው የለም።

ባድሩል ቺጉ ፊት ቆመ። «ያሉትን መዝግበናል» አለ።

«ምንም አላልኩም» አሉ ቺጉ።

«እሱንም መዝግበናል።»

ቺጉ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ክፍል ውስጥ ሲያጭበረብር የያዙትን ልጅ የሚያዩት እንዲህ ነበር። ባድሩል ስድስት ፎቶ አነሳ፤ አምስቱ የራሱ ጣት ነው፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ቤትም ሰላም አልነበረም። ለማፍጠሪያ የጣደው ሩዝ አረረ።

«አባንግ» አለችው ሱሪያኒ፣ ባሏን ስትቆጣም ስትወደውም የምትጠራው እንዲሁ ነው፤ «ሩዙን ከሰል አደረግከው እኮ!»

«ያልሽውን መዝግበናል።»

«ምን?»

«መዝግበናል።»

ጭልፋው ጆሮው አጠገብ አልፎ ግድግዳ መታ። ሃያ ስድስት ዓመት በይቅርታ የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ቀን ስታጣው እንደ ጨው አማራት። ኋላ ነገሩን ሲያስረዳት በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች፣ ቺጉን ስለምትወዳቸው።

ከተማውም ነገሩን ነቃበት። ባድሩል ኢማሙን በትከሻው ገጭቶ ዝም ብሎ አለፈ። ዓሣ ሻጯ የሸተተ ዓሣ ስትሰጠው መለሰላት፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ትኩስ ሰጠችው። «ኢንጂነሩን አሞታል» ተባለ። አንዱ ማር፣ አንዱ ጠጅ ሣር ይዞለት መጣ። እሱ የሁሉንም መዘገበ።

የኢድ ዋዜማ ላይ ሱሪያኒ ማዳም ኦንግን ፊት ለፊት ተናገረቻት። «ባሌ አርባ ዓመት ሙሉ ቺጉ ቤት በኢድ የመጀመሪያው እንግዳ ነው። ዘንድሮ ከቀረ፣ አጥፍቻለሁ ብሎ ከመጮህ በምን ይሻላል?»

ማዳም ኦንግ አሰበችበት። «እውነትሽን ነው። ይሂድ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።» ወደ ባድሩል ዞረች፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ያንተ አፍ ግን ካልተወተፈ አይዘጋም። ተራህ ሲደርስ ምግብ ይኑርበት።»

የኢድ ቀን የቺጉ ራፊያ ቤት በጥንት ተማሪዎቻቸው ሞልቷል። ወጥ ቤት ስለሌለ ቺጉ በረንዳ ላይ፣ በሸራ ሥር፣ በአንዲት የጋዝ ምድጃ ላይ በብድር ድስት ረንዳንግ የሚባለውን የኢድ ስጋ ወጥ ሲያሞቁ አረፈዱ፤ ስጋው ግማሹ ለስልሷል፣ ግማሹ ጫማ ሆኗል። ባድሩል የኢድ ልብሱን ለብሶ፣ ጥቁር ቆቡን ደፍቶ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ከፊቱ ያሉት አንድ በአንድ እየተንበረከኩ እጃቸውን ስመው «ቺጉ፣ በታየውም ባልታየውም ለበደልኩት አፉ በሉኝ» ይላሉ። እሳቸውም «አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» ብለው ይመልሳሉ። ትልቅም ቢሆን ትንሹን መልሶ ይጠይቃል፤ የኛ ወግ ነው።

ሦስት ሰው ሲቀረው ማዳም ኦንግ ከቅጠሉ የተፈታ አንድ ሙሉ ከቱፓት እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የተጠቀጠቀ ሩዝ ነው፤ ጡጫ ያክላል። ሙሉውን አፉ ውስጥ ከተተው።

ተራው ደረሰ። ተንበረከከ፤ እጃቸውን ሳመ። ኢድሩስ ከበሩ ሥር ስልኩን አንስቷል። ባድሩል ያኝካል። ሰው ይጠብቃል። ያኝካል። ከቱፓት ደግሞ አታውቁትም እንጂ ቶሎ አያልቅም። ዓይኑ ግን አላስቻለውም፤ እንባው በጉንጩ ላይ ወርዶ ከሚያኝከው ጋር ተቀላቀለ።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ቺጉ። «ታንቀህ ትሞትብኛለህ። አንተ ካልጠየቅከኝ እኔ ልጠይቅህ። አፉ በለኝ ልጄ። ቀዳዳዎቹን የደፈንኳቸው እኔ ነኝ።»

ባድሩል ማኘኩን አቆመ።

«ግንቡ ላይ የነበሩትን፤ አሥራ ስምንቱንም። ውሃ እያንጠባጠቡ ኦርኪዶቼን አበሰበሱብኝ። እንቁራሪትም ገባባቸው፣ ሲጮህ ያድራል። አሮጌ ጨርቅ ጎሰጎስኩባቸውና በሲሚንቶ ለሰንኳቸው። በሾርባ ማንኪያ። ግንቡ ከወደቀ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሆዴን በላኝ።»

«አክስቴ!» ጮኸ ኢድሩስ። «ዝም በይ! እየቀዳሁ ነው እኮ!»

«ቅዳ የኔ ልጅ፣ ቅዳ» አለች ማዳም ኦንግ። «እጅህ ይባረክ።»

ባድሩል ዋጠ። ነገሩ ሁሉ በአንድ አፍታ ገባው። እነዚያ ቀዳዳዎች ከግንቡ ጀርባ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጡ ናቸው። ሲደፈኑ ውሃው መውጫ አጣ፤ ሦስት ቀን የዘነበው ሁሉ ከጀርባው ተቆልሎ ግንቡን ገፋው። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ብረቱም፣ ሲሚንቶውም ልክ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው።

«ያሉትን መዝግቤያለሁ ቺጉ» አለና ተነስቶ ወጣ።

ማዳም ኦንግ ደጅ ላይ ልትዘፍን ምንም አልቀራት። «ነጻ ወጣህ! በገዛ አፋቸው፣ በገዛ ስልካቸው! ኩባንያው አምስት ሳንቲም አይከፍልም፣ አንተም አትከፍልም!»

«ቺጉስ?»

«ቺጉ ምን?»

«ወጥ ቤታቸውስ?»

ማዳም ኦንግ ጃንጥላዋን ዘረጋች። «ኢንሹራንሱ ያንተ ነው እንጂ የሳቸው አይደለም። አንተ ካላጠፋህ የሚከፍል የለም። እኔንም ያሳዝኑኛል፤ ግን ምን ላድርግ?»

ያን ዕለት እነ ባድሩል ቤት የመጣውን እንግዳ ሁሉ ያስተናገደችው ሱሪያኒ ብቻዋን ናት። ባድሩል ምንጣፍ ላይ የግንቡን ፕላን ዘርግቶ ተጎልቷል። ገጽ አራት ላይ፣ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በምታነበው ፊደል፣ «ቀዳዳዎቹ መደፈን የለባቸውም» ይላል።

«ይኸው ጽፈሃል» አለችው ሱሪያኒ፣ የኩኪስ ሳሕን እንደያዘች ጎንበስ ብላ። «ምን ሆነህ ነው ታዲያ የምትቆዝመው?»

«ቺጉ ፕላን ያነባሉ?»

«በቃል አልነገርካቸውም?»

ያኔ ትዝ አለው። ግንቡን ያስረከበ ዕለት ነው። ቺጉ ኦርኪዶቻቸው መሃል ቆመው በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ባድሩል፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ለምንድን ናቸው?» አሉት። እሱስ ምን አለ? ወላሂ፣ ቃል በቃል ትዝ አለው። «ይቅርታ ቺጉ፣ አውቃለሁ፣ መልካቸው አያምርም» አለ። እሳቸውም «እሺ» አሉ። የማያምር ነገር ደግሞ ይደፈናል፤ ማንስ ቢሆን ምን ያደርጋል?

«ሱሪያኒ» አለ፣ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ፤ «ጠይቀውኝ ነበር እኮ። በጥያቄው ፈንታ ይቅርታ መለስኩላቸው።»

ሱሪያኒ ሳሕኑን አስቀመጠች። ይኼን ለመስማት ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀች ይመስል ነበር፤ ግን አልሳቀችበትም። አጠገቡ ተቀመጠች።

በዚያው ዕለት ውሉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከኢድ በኋላ መርማሪው መጣ። ሚስተር ፓቲናታን ይባላል፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ላስቲክ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ጸጉሩ ሳይበላሽ ኮረብታ ወጥቶ የሚወርድ ሰው። ለካ፣ ቆፈረ፣ ከአንዱ ቀዳዳ የቺጉን አሮጌ የሌሊት ልብስ ቁራጭ ስቦ አወጣ፣ በላስቲክ ከረጢት አሸገው። ከዚያ ባድሩል ቢሮ ተቀመጡ፤ ማዳም ኦንግ ከጎኑ።

«ፕላኑ ላይ ማስጠንቀቂያው አለ» አለ መርማሪው። «ጥሩ ነው። ለደንቡ ያህል ልጠይቅ፤ ለቤቱ ባለቤት በቃል ነግረሃቸዋል?»

ማዳም ኦንግ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ገጽ አራት ላይ በግልጽ…»

«አልነገርኳቸውም» አለ ባድሩል።

ከጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቱን መታችው።

«ጠይቀውኝ ነበር። ለምንድን ናቸው አሉኝ። ይቅርታ፣ መልካቸው አያምርም አልኳቸው። የማይደፈኑ መሆናቸውን ከኔ አፍ አልሰሙም።»

ድጋሚ መታችው። እሱም እግሩን ሰበሰበ፤ ይቅርታም አላለም።

ሚስተር ፓቲናታን እስክሪብቶውን አቆመ። «መልካቸው አያምርም?»

«አዎ።»

«ለአሥራ ስምንት የውሃ ማውጫ ቀዳዳ?»

«ለአሥራ ስምንቱም።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማዳም ኦንግ ያመመው መስሏት ውሃ ልታመጣ ተነሳች፤ ለካ እየሳቀ ነው። መሃረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠራረገና ሁሉንም ጻፈ።

መርማሪው ደረጃውን እንደወረደ ማዳም ኦንግ ፈነዳች። «አብደሃል? ነጻ የወጣህ ሰውዬ! ስንት ቀን አፍህን ስጠብቅ ከርሜ!»

«ማዳም» አለ ባድሩል፤ «ገጽ አሥራ አንድን ያንብቡልኝ።»

«ምን አለበት ገጽ አሥራ አንድ?»

«መድን የገባው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለኩባንያው ሳይደብቅ ይናገራል ይላል። ገጽ ዘጠኝ ለቺጉ ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ፣ አንጀቴ እያረረ። ገጽ አሥራ አንድ ደግሞ ለኩባንያው ተናገር አለኝ። ተናገርኩ።»

ማዳም ኦንግ ገጹን ገለጠች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ምንም ሳትል ቀዩን እስክሪብቶ አውጥታ አሰመረችበት።

ደብዳቤው እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። መሃንዲሱ ማስጠንቀቅ ሲገባው አላስጠነቀቀም፤ የቤቱ ባለቤትም መሃንዲሱን ሳያማክሩ መድፈን አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ኩባንያው የግንቡንና የወጥ ቤቱን አብዛኛውን ይሸፍናል ይላል። በውሉ መሠረት መድን የገባው ራሱ የሚችለው ድርሻ ከባድሩል ኪስ ወጣ፤ ለዚያም መኪናዋ ተሸጣ ሄደች፣ ሳሏን ይዛ። ኩባንያው በቺጉ ጥፋት ያጎደለውን ድርሻ ኢድሩስ ሸፈነው፣ በገዛ እጁ የአክስቱን ጥፋት የቀዳበትን ያንን ቀረጻ ማንም እንዳይሰማበት ብሎ። የባድሩል የሚቀጥለው ዓመት የኢንሹራንስ ክፍያም ጨመረ። ማዳም ኦንግ ደወለችለት፦ «ፋይሉ ተዘግቷል። አሁን ይቅርታ ማለት ትችላለህ። አንድ ጊዜ ብቻ!»

ባድሩል ማክሰኞ ቀን፣ ተራ ቀን፣ ቺጉ ራፊያ ጋ ሄደ፤ በእግሩ። አዲሱ ወጥ ቤት የቀለም ሽታው ገና አልለቀቀውም። ቺጉ ሻይ ቀዱለት። ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ ጀርባው ላይ ግንቡን ሣለ፤ ኮረብታውን፣ ውሃው የሚመጣበትን፣ ቀዳዳዎቹን። ውሃው ሲታገድ የሚገፋውን በቀስት አሳያቸው፤ ስንት እንደሚመዝንም በቁጥር። ቺጉ አንድ ቦታ ላይ አስቆሙትና ማባዛቱን አረሙት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይኼን ያን ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር» አለ። «ጠይቀውኝ አልመለስኩልዎትም። ወጥ ቤትዎ የፈረሰው በኔ ነው፤ በአሥራ ስምንቱ ቀዳዳዎች አይደለም። ቺጉ፣ አፉ በሉኝ።»

ቺጉ ፖስታውን ተመለከቱ። ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ረጥቧል።

«አርባ ዓመት በኢድ በኢድ አፉ በሉኝ ትለኛለህ» አሉ። «እኔም አፉ ብዬሃለሁ እልሃለሁ። ምን እንዳጠፋህ ግን አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። ዛሬ ገና አሠራሩን አሳየኸኝ።»

ባድሩል ሻዩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እንደ ልጅነቱ፣ ደብተሩን አስረክቦ ማርኩን እንደሚጠብቅ ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«እና… አፉ አሉኝ ቺጉ?» አለ።

ቺጉ ራፊያ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ፖስታውን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱት።

«ያልከውን መዝግቤያለሁ» አሉና የብስኩቱን ሳሕን ወደሱ አስጠጉለት።